ከዛፍ ጥላ ሥር ምን ይበቅላል?

በግቢው ውስጥ ጥላው የሰፋ ዛፍ ያለው ሰው ሁለት ነገር በአንድነት ይመኛል። አንደኛው ዛፉ እንዳለ እንዲኖርለት፣ ሁለተኛውም ከዛፉ ሥር ያለው መሬት እንደ ሌላው ግቢ ሣር ለብሶ እንዲታይለት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ምኞቶች ሁልጊዜ አይስማሙም። ሣሩ በክረምት ብቅ ይልና በጥቅምት ይገረጣል፤ በታኅሣሥም ሥፍራው ራቁቱን ይቀራል። ባለቤቱ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ገንዘቡን አውጥቶ ሣር ያስተክላል፤ ያም ይሞታል። በመጨረሻ ቁጣው ወደ ዛፉ ይመለስና መጥረቢያ ይጠራል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንነግራችሁ መጥረቢያው ተጠርቶ በነበረበት በአንድ ቤት ያየነውንና ከዚያም የተማርነውን ነው።

ቤቱ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። ባለቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወዳጃችን ሲሆን፣ ከወላጅ እናቱ፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋራ ይኖራል። በግቢው መካከል አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ይህን ዝግባ የተከሉት የወዳጃችን አባት ናቸው፤ እርሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። እናቲቱ ግን ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ያስወጡና ከዝግባው ሥር ይቀመጣሉ፤ የቤቱም ቡና የሚፈላው እዚያው ነው።

ወዳጃችን አንድ እሑድ ቀን ጠርቶን ስንሄድ በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ አገኘን። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት እናቲቱ ከዝግባው ሥር ጭቃው አንሸራቷቸው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ፤ ሁለት ወር ያህልም ታስሮ ከረመ። ልጃቸው ያን ጭቃ በሣር ለመሸፈን ሦስት ጊዜ ደክሞ ሦስት ጊዜም ሳይሳካለት ቀረ።

«እናንተ የጋዜጣ ሰዎች ስለ አትክልት ትጽፋላችሁና እስቲ ፍረዱኝ» አለን። «ሦስት ጊዜ ሣር አስተከልኩ፤ ሦስት ጊዜ ሞተብኝ። ሌላ ክረምት እየመጣ ነው፤ እማማም ሁለተኛ ቢወድቁ ማን ያነሣቸዋል? ከነገ ወዲያ ዛፍ ቆራጮች ይመጣሉ።»

እናቲቱ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ የጣለኝ ጭቃው ነው እንጂ ዝግባው አይደለም» አሉ። «አባትህ የተከሉትን ዛፍ ቆሜ ሲቆረጥ አላይም። የምትቆርጠው ከሆነ አስቀድመህ እኔን ወደ አገሬ ስደደኝ።»

«እማማ፣ እንዲህ አይበሉ፤ እኔ እኮ ይህን የማደርገው ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነማ ተወው።»

ሚስቲቱ በሁለቱ መካከል ሆና ዝም አለች። እኛም ለልጁም ለእናቲቱም እውነት ስላላቸው ለመፍረድ ቸገረን። ደግነቱ ብቻችንን አልሄድንም ነበር። በደን ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉና አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። እርሳቸው ክርክሩን ከሰሙ በኋላ ምንም ሳይናገሩ ዝግባውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ቀና ብለው ጫፉን አዩ፤ ከዚያም ተንበርክከው ከግንዱ አጠገብ ያለውን አፈር በእጃቸው ማገላበጥ ጀመሩ።

«ይህ ቀይ አፈር ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁ።

«በሁለተኛው ጊዜ ሣሩ አፈር አንሶት ነው ስላሉኝ በመኪና አስመጥቼ የደለደልኩት ነው» አለ ወዳጃችን።

«ከፍታው ስንት ነው?»

«አንድ ክንድ ቢጎድል ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያውስ የሚሞተው ሣሩ ብቻ አይደለም። ዝግባውም እየታፈነ ነው። ጫፉ ላይ ያሉትን ቅጠሎች ተመልከት፤ መገርጣት ጀምረዋል። መጥረቢያ ባትጠራም እንኳ በዚህ አያያዝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱ ይደርቅብህ ነበር» አሉት።

ይህን ሲሰሙ እናቲቱ ደነገጡ። ሽማግሌው ግን ወደ እርሳቸው ዞር ብለው፣ «በየጠዋቱ ከዛፉ ሥር የሚጠርገውስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የማስጠርገው እኔ ነኝ» አሉ እናቲቱ። «ቅጠል የተከመረበት ግቢ የማን ቤት ይባላል?»

«እሜቴ፣ ንጽሕናዎ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የዛፍ ቅጠል ለዛፉ ምግቡም ልብሱም ነው። ልብሱን በየቀኑ ሲገፉት መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ራቁቱን የቀረ መሬት ደግሞ ዝናም ሲመታው ጭቃ ይሆናል።»

እንግዲህ በዚያ ግቢ የታየው ጥፋት የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ልጁ በፍቅር አፈር ደለደለ፤ እናቲቱም በንጽሕና ቅጠሉን አስጠረጉ፤ ሁለቱም ሳያውቁት ዛፉንና መሬቱን ጎዱ። ይህ በብዙ ቤት የሚደረግ ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን አንድ በአንድ መግለጥ ይገባናል።

ወደ ምክንያቱ ከመግባታችን በፊት፣ አማርኛን በመማር ላይ ላላችሁ አንባብያን አንድ ቃል እናስታውሳለን። በአማርኛ «ሥር» ማለት ዛፍ ውኃና ምግብ የሚስብበት አካሉ ነው፤ «በታች» ማለትም ይሆናል። ስለዚህ «ከዛፍ ሥር ተቀመጠ» ስንል ከዛፉ በታች ተቀመጠ ማለታችን ነው። አትክልተኛ ግን ሁለቱን ትርጕም በአንድነት ማስታወስ አለበት። ከዛፍ ሥር የሚተክል ሰው በእውነት በዛፉ ሥር መካከል ይተክላልና።

ሣር ከዛፍ ሥር የማይበቅልበት ምክንያት አራት ነው።

የመጀመሪያው የብርሃን ማነስ ነው። ሣር ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ግን ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከመቶ 5 እጅ አይበልጥም። በግቢ ውስጥ ብቻውን የቆመ ዛፍ ከጎን ብርሃን ስለሚያስገባ ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም እንደ ዝግባ፣ እንደ ማንጎና እንደ ዋርካ ያሉት ዛፎች ጥላቸው ከባድ ነው። ግራርና ጃካራንዳ ግን ቅጠላቸው ደቃቅ ስለ ሆነ ብርሃኑን እንደ ወንፊት አሳልፈው ያወርዱታል።

ሁለተኛው የውኃ ማነስ ነው። ቀላል ዝናም ሲዘንብ ከፍተኛው ክፍል በቅጠሎቹ ላይ ቀርቶ እዚያው ይተናል። ወደ መሬት የወረደውንም የዛፉ ሥር ቀድሞ ይጠጣዋል። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ሁሉ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ምግብና ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሣሩና ዛፉ የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው፤ ገበታውንም አስቀድሞ የያዘው ዛፉ ነው።

ሦስተኛው የአፈሩ መጠቅጠቅ ነው። ጥላ ሰውን ይጠራል። ልጆች ይጫወቱበታል፤ እንግዳ ይቀመጥበታል፤ መኪናም ይቆምበታል። በዚህ ምክንያት አፈሩ እንደ ወለል ይጠነክራል፤ ውኃና አየር መግቢያ ያጣል።

አራተኛው የዛፉ ጠባይ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ተወላጅ ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው። ነገር ግን ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ የሚረግፈው ቅጠሉም ዘይት ስላለበት ለሌላ ተክል ማቈጥቈጥ አይመችም። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር ለማብቀል ከመድከም ይልቅ ሣሩን ራቅ አድርጎ መትከል ይሻላል።

አሁን ደግሞ የፀሐይን አካሄድ እንመልከት፤ ጥላው በየወሩ አንድ ሥፍራ አይውልምና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ርዝመቱም አጭር ነው። በቀሩት ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በታኅሣሥም ይረዝማል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። በአዲስ አበባ ከዛፉ በስተ ሰሜን ያለው መሬት በበጋ ጥላ ስለሚያገኝ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ በስተ ደቡብ ያለው ግን በበጋ ፀሐይ ያገኛል፤ ውኃ የሚያጠጣው ካለ ሣር የሚሻለው እዚያ ነው። በናይሮቢና በካምፓላ ለሚኖሩ አንባብያን ግን፣ ከተሞቻቸው ከምድር ወገብ አጠገብ ስለ ሆኑ ጥላው ግማሽ ዓመት ወዲህ፣ ግማሽ ዓመት ወዲያ ይላል።

የጥላውን ክብደት ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ ነጭ ወረቀት ከዛፉ ሥር ዘርግታችሁ እጃችሁን ከወረቀቱ በላይ አንድ ክንድ ከፍ ባልሆነ ርቀት ያዙ። የእጃችሁ ጥላ ጣቶቹ ተለይተው በደንብ ከታየ ብርሃኑ ለሣር ይበቃል። ጥላው ደብዘዝ ብሎ ከታየ ጥላ የሚችል ተክል ይስማማዋል። ጥላው ፈጽሞ ካልታየ ግን የሣር ተስፋን መተው ይሻላል። ከዚህም ጋራ ቀጥታ ፀሐይ በቀን ስንት ሰዓት እንደምታርፍበት ቍጠሩ። ፀሐይ ወዳድ ሣር ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ጥላ የሚችል ሣር ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

በአገራችን ግቢ ውስጥ የታወቀው ሰርዶ ብርቱ ሣር ነው። ቢረግጡት፣ ቢያጭዱት፣ በበጋ ቢደርቅም ተመልሶ ይነሣል። ነገር ግን የፀሐይ ልጅ ስለ ሆነ በጥላ ውስጥ ይሳሳል፤ ቀስ በቀስም ይጠፋል። በመካከለኛው ኬንያ በሚኖረው በኪኩዩ ሕዝብ ስም የሚጠራውና ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር የተወሰደው የኪኩዩ ሣርም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ወዳጃችን ሦስት ጊዜ የተከለው እነዚህን ፀሐይ ወዳዶች ነበር። ከፊል ጥላን የሚችለው ቅጠሉ ሰፋ ያለውና በመሬት ላይ እየተሳበ የሚራባው ስቴኖታፍረም የተባለው ሣር ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ቡፋሎ ሣር ይሉታል። እርሱም ቢሆን ጨለማን አይችልም።

ሣሩ ከፊል ጥላ ባለበት ከተተከለ አያያዙ በፀሐይ ካለው ሣር ይለያል። አጭዶ ማሳጠር አይገባም፤ ብርሃን የሚቀበልበት ቅጠል እንዲኖረው ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይተውለት። ማዳበሪያ በብዛት አይሰጠው፤ ብርሃን ሳይኖረው ቢበላ እድገቱ ልል ይሆናልና። ሲጠጣም ጠዋት ጠዋት፣ አልፎ አልፎ፣ ውኃው ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ይጠጣ እንጂ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አይረጭበት። እግር እንዳይበዛበትም መከልከል ያስፈልጋል።

ጥላው ከባድ ለሆነበት ሥፍራስ ምን ይደረግ? ለዚህ መልሱን የሚሰጠን ደን ራሱ ነው። በደን ውስጥ ሣር አይታይም፤ መሬቱ ግን ባዶ አይደለም። ከታላላቆቹ ዛፎች በታች በጥላ መኖርን የለመዱ ተክሎች አሉ። ቡና ከእነዚህ አንዱ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ቡና እስከ ዛሬ ድረስ በዱር የሚበቅለው ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ገበሬውም ይህን አይቶ ቡናውን ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር ይተክላል። ኮረሪማም የደን ጥላ ልጅ ነው። የጌዴኦ ሕዝብ ደግሞ ከታላላቅ ዛፎች በታች እንሰትን፣ ከእንሰቱም ጋራ ቡናንና ሌላውን ተክል በማኖር በደረጃ ያርሳል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። እንግዲህ ጥላ መካን ነው የሚባለው በውስጡ መኖርን የማያውቅ ተክል ሲተከልበት ነው።

በቆላ አገርማ ጥላ እንዲያውም ረዳት ነው። ከግራር ወገን የሆነው ፌዴርቢያ አልቢዳ ከሌሎቹ ዛፎች ተለይቶ ቅጠሉን የሚያረግፈው በዝናም ወራት ነው። ስለዚህ ገበሬው በእርሻው መካከል ይተወዋል። እህሉ ብርሃን በሚፈልግበት ጊዜ ጥላው ይነሣለታል፤ የረገፈውም ቅጠል መሬቱን ያዳብርለታል።

በደጋ ከተሞች ከከባድ ጥላ ሥር ሊተከሉ ከሚችሉት መካከል ጥቂቶቹን እንጥቀስ። የመጀመሪያው እንሶስላ ነው። የሀገራችን ሴቶች ሥሩን ወቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን የሚያቀሉበት ይህ ተክል ጥላና እርጥበት ይወዳል። አበባው ነጭ ሲሆን በመካከሉ ሐምራዊ ምልክት አለው፤ ማታ ማታም ይሸታል። በበጋ ግንዱ ይጠፋና ሥሩ በመሬት ውስጥ ይቆያል፤ በክረምት እንደ ገና ይነሣል። ስለዚህ በበጋ ሞተ ብላችሁ እንዳትቆፍሩት። የእንሶስላ ዘመድ የሆነውና ኢምፔሸንስ ዋለሪያና የተባለውም የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ በቀይ፣ በነጭና በሐምራዊ አበባው ጥላውን ያደምቀዋል። ከዚህ ሌላ ፈርንን፣ ቅጠሉ ረዣዥም የሆነውን ክሎሮፊተምን፣ ደረቅ ለሆነ ጥላ ደግሞ ከቅጠሉ ቃጫ የሚወጣውን ሳንሴቪየሪያን መትከል ይቻላል። ሞቃት በሆነው ወይናደጋ የሚኖር ሰው ደግሞ ቡና ወይም ኮረሪማ ቢተክል ከውበቱ ሌላ ፍሬውን ይለቅማል።

አሁን ስለ አሠራሩ እንናገር። ሽማግሌው በወዳጃችን ግቢ ያሠሩትን በተራ ብንገልጠው ለሌላውም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የተደለደለውን ቀይ አፈር አስነሡት። ይህም በዶማ አልተደረገም፤ ሥሮቹ እንዳይቈረጡ በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ ቀስ እየተባለ ተጠረገ እንጂ። የግንዱ ግርጌ ሰፋ ብሎ ወደ ሥርነት የሚለወጥበት ሥፍራ እስኪታይ ድረስ አላቆሙም። ያ ሥፍራ ምንጊዜም በአየር ላይ መታየት አለበት፤ አፈር ከተከመረበት ቅርፊቱ ይበሰብሳል፤ ሥሩም አየር ያጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ዝቅ ብለው የተዘረጉትን ጥቂት ቅርንጫፎች በመጋዝ አስቆረጡ፤ ጠዋትና ማታ የምታዘቀዝቀው ፀሐይ ከጎን እንድትገባ ነው። በዚህ ረገድ ሕግ አለው። ከዛፉ ለምለም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከአራት እጅ አንድ እጅ በላይ አይቆረጥም። ቅርንጫፉም ከግንዱ ጋራ በሚያገናኘው እብጠት ውጭ ይቆረጣል እንጂ ግንዱ አይላጥም፤ ቁስሉ ራሱን የሚዘጋው ከዚያ እብጠት ነውና። ትልቅ ቅርንጫፍ ሲሆን ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል፤ ከመሰላል መውደቅ ከጭቃ ከመውደቅ ይብሳል።

ሦስተኛው ሥራ የመሬቱ ነበር። መሬቱ አልታረሰም። በሥሮቹ መካከል ክፍት ቦታ እየተፈለገ ትናንሽ ጕድጓድ ተቆፈረ፤ በየጕድጓዱም የበሰበሰ ፍግና አፈር ተጨምሮ ችግኙ ገባ። በጣት የሚወፍር ሥር የተገኘበት ቦታ ታለፈ እንጂ ሥሩ አልተቈረጠም። የተተከሉትም ትናንሽ ችግኞች ነበሩ፤ ትልቅ ተክል ትልቅ ጕድጓድ ይፈልጋልና። ጊዜውም ሰኔ ነበር፤ ክረምቱ ራሱ እያጠጣ እንዲያሳድጋቸው።

አራተኛው የቅጠሉ ጕዳይ ነው። የረገፈው ቅጠል ከእንግዲህ ወዲህ እንዳይጣል ተወሰነ። ነገር ግን የእናቲቱም ፈቃድ ተጠበቀ። ከመቀመጫቸውና ከመተላለፊያው ላይ የተጠረገው ቅጠል ተሰብስቦ በተክሎቹ መካከል ይዘረጋል፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል። እንዲህ ሆኖ ግቢው ንጹሕ ነው፤ መሬቱም ልብሱን አላጣም።

የመጨረሻውና ለወዳጃችን ዋና የሆነው ጕዳይ የእናቱ እግር ነበር። ሽማግሌው፣ «ሰው የሚረግጠው ቦታና ተክል የሚበቅልበት ቦታ ይለይ» አሉ። ስለዚህ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ወንበሩ ድረስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ፤ በድንጋዮቹም መካከል ጠጠር ተጨመረ። ሲሚንቶ አልፈሰሰም፤ ውኃና አየር ወደ ሥሩ የሚያልፍበት መንገድ እንዳይዘጋ ነው። ድንጋዩም መሬቱን ሳይቆፍሩ በላዩ ላይ ተደላደለ። የፊታቸው ሸካራ የሆኑት ተመርጠው ስለ ነበሩ በክረምት አያንሸራትቱም።

ዛፍ ቆራጮቹ በተባለው ቀን መጥተው ነበር። ወዳጃችን የመጡበትን ዋጋ ከፍሎ መለሳቸው።

ከአንድ ዓመት በኋላ ያንን ቤት እንደ ገና ጎበኘነው። ሁሉም ነገር ተሳካ ብንል ሐሰት ይሆናል። ከተተከሉት ፈርኖች ገሚሶቹ የመጀመሪያውን በጋ አላለፉም፤ ልጆቹ ማጠጣቱን ረስተውት ነበር። በስተ ደቡብ በኩል የተተከለው ሣር ግን ይዟል፤ ከግንዱ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው ያቆማል፤ ከዚያ ወዲህ የክሎሮፊተምና የእንሶስላው ሥፍራ ነው። የዝግባው ጫፍ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ሽማግሌው ግን፣ «ዛፍ ሲታመምም ሲድንም ቀስ ብሎ ነው፤ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት እናየዋለን» ብለው ወዳጃችንን አስጠነቀቁት።

እናቲቱ ከደጃፉ ተነሥተው ምርኩዛቸውን ይዘው በድንጋዩ ላይ እየተራመዱ መጡ። የቀድሞው ወንበር በቀድሞው ቦታ ነው። ቡናው ቀርቦ፣ ቄጠማም ተጎዝጕዞ ስለ ነበር ተቀመጥን። ወዳጃችን እናቱን ለመርዳት እጁን ቢዘረጋ፣

«ተወኝ፣ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉት። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ «የአባቱን ዛፍ አስቀረልኝ፤ እግዜር ይስጠው» አሉ። ይህን በልጃቸው ፊት ሲናገሩ የሰማናቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ወዳጃችን ሲኒውን አንሥቶ ወደ ዝግባው አየ እንጂ አልመለሰም።

እኛም ከዚያ ቤት ስንወጣ በልባችን የያዝነው ይህ ነው። ሰው ከዛፍ ሥር ሣር አልበቅልለት ሲል ዛፉንና ሣሩን እንደ ባላጋራ ያያቸዋል፤ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው የሚኖር አይመስለውም። ነገር ግን መጀመሪያ ብርሃኑን ቢለካ፣ ግንዱን ቢያይ፣ እግር የሚረግጠውንም ቦታ ቢለይ ኖሮ ሦስት ጊዜ ገንዘቡን ባላጠፋ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዝግባ ግን አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ተለቅሞ አይመለስም፤ የቆረጠው ሰው አዲስ ቢተክል በጥላው የሚቀመጡት ልጆቹ ናቸው።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ በግቢያችሁ ያለው ዛፍ ሣር ከለከለኝ ብላችሁ መጥረቢያ ከመጥራታችሁ በፊት በአንድ የጠራ ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ከሥሩ ውጡ። የእጃችሁን ጥላ ተመልከቱ፤ ጐንበስም ብላችሁ የግንዱን ግርጌ እዩ። ሣር የሚሆንበትን ለሣር፣ እንሶስላ የሚሆንበትን ለእንሶስላ ስጡ፤ ወንበር የሚሆንበትን ደግሞ ለእናቶቻችሁ ተዉላቸው።